የቦዶኒ ፊደል፤ ለማየት ወይስ ለማንበብ?

መጽሐፍ ያነበበ ሰው ደራሲውን ያመሰግናል ወይም ይነቅፋል፤ ቃሉን ተሸክሞ እስከ ዓይኑ ያደረሰለትን ፊደል ግን ማን እንደ ቀረጸው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። በአገራችን የቁም ጸሐፊ ሞያ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ የሚጽፍ ሊቅ እጁ ተለይቶ ይታወቃል፤ መጽሐፉም ሲገለጥ «ይህ የእገሌ እጅ ነው» ይባልለታል። የማተሚያ ፊደልም እንዲሁ የራሱ እጅ አለው። ልዩነቱ፣ የቁም ጸሐፊው እጅ በጻፈው ብራና ላይ ሲቀር፣ የፊደል ቀራጩ እጅ ግን ትናንት በእርሳስ እየፈሰሰ፣ ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር እየተባዛ፣ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ እንኳ በአእላፍ ገጾች ላይ መታየቱ ነው። ስለዚህ አንድ ድርሰት በሒስ ሚዛን እንደሚመዘን ሁሉ የማተሚያ ፊደልም ሊመዘን ይገባዋል እንላለን።

በዚህ ጽሑፍ ለመመዘን የመረጥነው የኢጣሊያዊውን የጃምባቲስታ ቦዶኒን ፊደል ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ይህ ፊደል ዛሬም በፋሽን መጽሔት ራስጌ፣ በጥሪ ካርድና በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የሚታይ፣ በብዙ ኮምፒዩተርም ውስጥ ስሙ ተጽፎ የሚገኝ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ፊደልን ለማሳመር የሚነሣ ሰው ሁሉ የሚገጥመውን ጥያቄ፣ ይኸውም «ፊደል የሚቀረጸው እንዲታይ ነው ወይስ እንዲነበብ?» የሚለውን ከማንም ይልቅ አጕልቶ የሚያቀርብልን እሱ በመሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

ቦዶኒ በ1740 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ በሳሉትሶ ከተማ ከአታሚ ቤተሰብ ተወለደ። በ1758 ዓ.ም.፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ወደ ሮማ ወርዶ በልዩ ልዩ የምሥራቅ ቋንቋዎች መጻሕፍት ያሳትም በነበረው በፕሮፓጋንዳ ፊዴ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። በዚያም የባዕዳን አገሮችን ፊደላት መቅረጫ ብረቶች እያጸዳና እየለየ ሞያውን ተማረ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሔድ ተነሥቶ ሳለ በበሽታ ምክንያት ጕዞው ተቋረጠ። በ1768 ዓ.ም. የፓርማ መስፍን መንግሥት ማተሚያ ቤቱን እንዲመራ ጠራው፤ እሱም ጥሪውን ተቀብሎ በ1813 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ 45 ዓመት በዚያችው ከተማ ሠራ። ዝናው ባሕር ተሻግሮ፣ ራሱ አታሚ የነበረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1787 ዓ.ም. የምስጋና ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደረሰለት።

የዚህን ፊደል መልክ ለማያውቅ አንባቢ በቃላት ሥለን ለማሳየት እንሞክር። በላቲን ፊደል ራስና እግር ላይ የምትጋደም አንዲት ትንሽ መስመር አለች፤ ፈረንጆቹ «ሰሪፍ» ይሏታል። ከቦዶኒ በፊት በነበሩት ፊደላት ይህች መስመር ከእግሩ ጋር የምትያያዘው ቀስ በቀስ እየሰፋች፣ የዛፍ ሥር ከግንዱ ጋር እንደሚያያዝ ሆና ነበር። የፊደሉ ውፍረትም ሰያፍ የተያዘ ብርዕ እንደሚያወጣው ወደ ጎን ያዘነበለ ነበር። ቦዶኒ ይህን ኹሉ ቀየረው። ቁም እግሩን እንደ ዓምድ ቀጥ አድርጎ አወፈረው፤ አግድሙን ግን እንደ ፀጕር አቀጠነው፤ ሰሪፏንም ያለ ምንም መያያዣ፣ ወለል ላይ እንደ ተጋደመች ክር ቀጭንና ጠፍጣፋ አደረጋት። ክቡ ፊደልም ውፍረቱ በግራና በቀኝ ብቻ ሆኖ፣ ራሱና እግሩ በቀጭን መስመር ይዘጋል። በፈረንሳይ አገር የዲዶ ቤተሰብ በዚያው ዘመን ወደዚሁ መልክ ስለ ደረሰ፣ የሁለቱ ፊደላት ዘር እስከ ዛሬ ድረስ በአንድነት ይጠራል።

ይህ ለምን እንደ ጌጠኛ ፊደል ይቈጠራል? የሚል ጠያቂ ይኖራል። በውነቱም አበባ የለበትም፣ ቅጠል የለበትም፣ ጥምዝም የለበትም። ቦዶኒ ራሱ በመጀመሪያ ከፓሪሱ የፊደል ቀራጭ ከፉርንዬ ቤት በተገኙ ፊደላት ይሠራ ነበር፤ በ1771 ዓ.ም. ያሳተመው የናሙና መጽሐፍም በአበባና በጠርዝ ጌጣጌጥ የተሞላ ነበር። ዕድሜው እየገፋ፣ እጁም እየበሰለ ሲሔድ ግን ጌጡን አንድ በአንድ ከገጹ ላይ አነሣው። በመጨረሻ የቀረው ሰፊ ኅዳግ፣ በመስመርና በመስመር መካከል የተተወ ባዶ ቦታ፣ በመካከሉም ጥቁር ፊደል ብቻ ነው። በእኛ የብራና መጻሕፍት ሐረግ የሚሣለው ከጽሕፈቱ በላይና በጎን ነው፤ ሐረጉ ያስጌጣል፣ ጽሕፈቱ ይናገራል፤ ሥራቸው የተለያየ ነው። ቦዶኒ ግን ሐረጉን አስወግዶ ፊደሉን ራሱን ሐረግ አደረገው። ትልቅነቱም ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል።

ቦዶኒ ለተቺው ሚዛኑን ራሱ ትቶለት ሔዷል። የዕድሜ ልክ ሥራውን የሰበሰበበት «ማኑዋሌ ቲፖግራፊኮ» የተባለው መጽሐፍ፣ እሱ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1818 ዓ.ም. በመበለቲቱ በማርጌሪታ ዳላሊዮ ትጋት በሁለት ክፍል ታትሞ ወጣ። በውስጡ ከ140 የሚበልጡ የላቲን ፊደል ዐይነቶች፣ ከዚያም የግሪክ፣ የዕብራይስጥ፣ የዐረብ፣ የአርመን፣ የቅብጥና ሌሎችም ፊደላት ይገኛሉ፤ የእኛው የግእዝ ፊደልም ከእነዚህ መካከል አንዱ ነው። በመቅድሙ ላይ ቦዶኒ የአንድ ፊደል ውበት ከአራት ነገሮች እንደሚመነጭ ያስረዳል፤ እነሱም ሥርዓት፣ ጥራት፣ መልካም ምርጫና ሞገስ ናቸው። እኛም በዚሁ በራሱ ሚዛን እንመዝነዋለን።

በሥርዓት ረገድ የሚወዳደረው የለም ለማለት ይቻላል። ፊደሎቹን ወደ ጥቂት የጋራ ክፍሎች በትኖ፣ አንዱን ዓምድ በብዙ ፊደሎች ውስጥ መልሶ ስለሚጠቀምበት፣ ገጹ በሠለጠነ አናጢ እንደ ተሠራ መስኮት ልክክ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ሥርዓት ሲበዛ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። አንባቢ ቃልን የሚለየው በፊደሎቹ መመሳሰል ሳይሆን በመለያየታቸው ነው። እኩል የወፈሩ ዓምዶች በእኩል ርቀት በተከታታይ ሲቆሙ ቃሉ እንደ አጥር ይሆናል፤ ዓይንም አጥሩን እያየ ግቢውን ይረሳል።

በጥራት ረገድ ደግሞ ምስጋናው ሙሉ ነው። በዚያ ዘመን ፊደል የሚሠራው በሦስት ደረጃ ነበር። መጀመሪያ በብረት ጫፍ ላይ ይቀረጻል፤ ቀጥሎ ብረቱ በመዳብ ላይ ተመትቶ ጕድጓድ ያወጣል፤ በመጨረሻም በጕድጓዱ ላይ ቅልጥ እርሳስ ይፈስስበታል። በብረት ላይ ፀጕር የሚያህል መስመር ማስቀረት፣ ከዚያም እርሳሱ ሳይሰበርና ቀለሙ ሳይፈስ በወረቀት ላይ ማውጣት የእጅ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የትዕግሥትም ፈተና ነው። ቦዶኒ ለስላሳ ወረቀትና ድቅድቅ ያለ ጥቁር ቀለም መርጦ ፈተናውን አለፈ። በፓርማ ከተማ በፒሎታ ቤተ መንግሥት በ1963 ዓ.ም. የተከፈተው ሙዚየም የመቅረጫ ብረቶቹንና የመዳብ ቅርጾቹን በብዙ ሺህ ጠብቆ ይዟል፤ ያን የመሰለ ሥራ ከአንድ ሰው ዕድሜ መውጣቱ ያስደንቃል።

መልካም ምርጫው የተገለጠው በቀነሰው እንጂ በጨመረው አይደለም። ብዙ ጌጥ መሥራት የሚችል ሰው ጌጥን መተው ሲመርጥ፣ መተዉ ራሱ የችሎታ ምስክር ይሆናል። ጌጥ መሥራት የማይችል ሰው የተራቈተ ገጽ ቢያቀርብ ግን ያው ድኽነት ነው። የዛሬ ዘመን ገጽ አዘጋጆች የቦዶኒን ባዶ ቦታ ሲቀዱ ይህን ልዩነት ቢያስተውሉት መልካም ነበር።

አራተኛው ሞገስ ነው፤ እዚህ ላይ ከጌታው ጋር እንለያያለን። ሞገስ በችኮላ በተሠራ ነገር እንደማይገኝ፣ ከፍቅር እንጂ ከግዳጅ እንደማይወለድ ቦዶኒ ማስተማሩ እውነት ነው። ፊደሉም በትልቅ መጠን፣ በመጽሐፍ ርእስ ላይ ሲታይ፣ በግርማ የቆመ መኰንን ይመስላል። ግን ያ መኰንን ከሰልፉ ወጥቶ የዕለት ሥራ እንዲሠራ ሲታዘዝ ልብሱ ያስቸግረዋል። ፊደሉን አሳንሰን ረጅም ንባብ ስናስነብብበት ቀጭኑ መስመር ይደክማል፤ ወፍራሙ ብቻውን ይቀራል። ለምሳሌ ያህል፣ በላቲኑ ትንሽ «ኢ» ሆድ ውስጥ የምታልፈው አግድም መስመር ከቀጭኖቹ አንዷ ናት። እሷ ከጠፋች ፊደሉ «ሲ» መስሎ ይነበባል። በአንድ ገጽ ላይ ይህ መቶ ጊዜ ቢደጋገም አንባቢው ምክንያቱን ሳያውቅ ዓይኑ ይታክታል፤ መጽሐፉንም ያለ ጥፋቱ ይነቅፈዋል።

ቦዶኒ ይህን አላጣውም። ለእያንዳንዱ መጠን ፊደሉን እንደ ገና ይቀርጽ ነበር እንጂ አንዱን አሳንሶ ለሌላው አይጠቀምም ነበር፤ በትንንሾቹም ላይ ቀጭኑን መስመር በመጠኑ ያወፍረው ነበር። መስመሮቹንም አራርቆ ይደረድራል። መድኀኒቱ ግን ውድ ነው፤ ወረቀት ይበላል፣ መጽሐፉን ያገዝፋል። ስለዚህ የቦዶኒ ታላላቅ መጻሕፍት በመኳንንት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የሚደነቁ ሆኑ። በ1808 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ያሳተመው የሆሜር «ኢሊያድ» ለናፖሊዮን የተበረከተ ነበር። በ1806 ዓ.ም. «አቡነ ዘበሰማያት»ን በ155 ቋንቋዎች ያሳተመውም፣ ፓሪስ ከዚያ በፊት በ1805 ዓ.ም. በ150 ቋንቋዎች ያሳተመችውን ለመብለጥ የታሰበ ይመስላል። ይህን የመሰለ መጽሐፍ የጸሎት መጽሐፍ ከመሆን ይልቅ የችሎታ ትርኢት ነው። እንዲያውም መጻሕፍቱ በመልካቸው እንደሚደነቁት በእርማታቸው የጠሩ አለመሆናቸውን በጊዜው የነበሩ ሊቃውንት ነቅፈውበታል። መልኩ ለቃሉ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ ጌታ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ቃሉ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ በ1891 ዓ.ም. የራሱን ማተሚያ ቤት ሲያቋቁም የቦዶኒን ፊደል አጥብቆ ጠላው፤ መልከ ጥፉም አድርጎ ቈጠረው። ነቀፌታው ግማሽ እውነት አለው እንላለን። ሞሪስ የፈለገው እንደ ጥንቱ ብራና በአንድነት የጠቈረ፣ ዓይን ያለ እንቅፋት የሚሔድበት ገጽ ነው፤ ለዚያ የቦዶኒ ፊደል በውነቱ አይመችም። ግን የሠርግ ካባ ለእርሻ አይሆንም ተብሎ አይነቀፍም፤ ካባውን ለብሶ ሊያርስ የወጣው ሰው ነው የሚነቀፈው።

እንግዲህ ካባው የሚለበስበት ቦታ የት ነው? የሃያኛው መቶ ዓመት ሰዎች መልሱን ፈልገው ያገኙት ይመስለናል። በ1909 ዓ.ም. በአሜሪካ ሞሪስ ፉለር ቤንተን፣ በ1926 ዓ.ም. በጀርመን ሃይንሪክ ዮስት ፊደሉን እንደ ገና ቀረጹት። ከ1934 እስከ 1958 ዓ.ም. «ሃርፐርስ ባዛር» የተባለውን የፋሽን መጽሔት ገጽ ያዘጋጅ የነበረው አሌክሲ ብሮዶቪች ይህን ዐይነት ፊደል በሰፊ ባዶ ቦታ መካከል፣ ከፎቶግራፍ ጎን አቆመው። ጥቂት ቃላት፣ ትልቅ መጠን፣ ብዙ ነጭ ወረቀት፤ ፊደሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ወፍራሙና ቀጭኑ ልብስና ክር፣ ጥላና ብርሃን መስለው ታዩ። ከዚያ ወዲህ ይህ የፊደል ዘር የጌጠኛ ልብስ ንግድ ምልክት እስኪመስል ድረስ ተለመደ። ስመ ጥሩው የገጽ ሠዓሊ ማሲሞ ቪኜሊም ለሥራው ይበቁኛል ካላቸው ጥቂት ፊደላት አንዱ ቦዶኒ ነበር።

ሌላም የአጠቃቀም መንገድ አለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የለንደን ፊደል ቀራጮች ይህን ዐይነት ፊደል ወስደው ዓምዱን እጅግ አደለቡት፤ ቀጭኑን ግን እንዳለ ተዉት። ይህም በግድግዳ ለሚለጠፍ ማስታወቂያ ሆነ። ቤንተንም በ1928 ዓ.ም. «ኡልትራ ቦዶኒ» የተባለውን ሲያወጣ በዚሁ መንገድ ሔዷል። በፓርማ መኰንን የነበረው በገበያ መካከል ጮኾ የሚጣራ ደላላ ሆነ። ይህ ውርደት አይደለም፤ ከመንገድ ማዶ ለሚያልፍ ሰው አንድ ቃል ማስተላለፍም ሥራ ነው፤ ድልቡ ቦዶኒም ይህን በሚገባ ያደርጋል። አንድ ሙሉ አንቀጽ ከጻፉበት ግን ጩኸት ብቻ ይሆናል።

ጥፋቱ የሚመጣው ቦታው ሲዛነፍ ነው። ቀለም በሚመጥ ርካሽ ወረቀት ላይ፣ በመድኀኒት መመሪያ ደቃቅ ጽሕፈት፣ በእጅ ስልክ ትንሽ መስታወት ላይ ይህን ፊደል ለተከታታይ ንባብ የሚያውል አዘጋጅ አንባቢውን ይበድላል። በኮምፒዩተር ፊደልን ማሳነስና ማተለቅ በአንድ ጣት የሚፈጸም ሆኗል፤ በዚያው መጠን ቦዶኒ ለየመጠኑ ለየብቻ የቀረጸበት ጥበብ ተዘነጋ። ለርእስ የተቀረጸውን አሳንሶ ለግርጌ ማስታወሻ መጠቀም የትልቁን ሰው ልብስ ለሕፃን አጥብቦ እንደ ማልበስ ነው። ይህን ጉድለት የተረዱ አሜሪካውያን የፊደል ሠዓሊዎች ፓርማ ድረስ ሔደው ዋነኞቹን ብረቶች ከመረመሩ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. ለትንሽ፣ ለመካከለኛና ለትልቅ መጠን በሦስት የተለያየ ቅርጽ አዘጋጅተው አውጥተዋል። ሥራቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ የቦዶኒን መልክ ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄውንም መልሰዋልና።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ወደ ቤታችን መልሰን ብንመለከተው ከርእሳችን መውጣት አይሆንብንም፤ ቦዶኒ የግእዝን ፊደል በመጽሐፉ ውስጥ አስገብቷልና። የግእዝ ፊደል ከአውሮጳ ማተሚያ ጋር የተዋወቀው ከሱ አስቀድሞ ነው፤ በ1513 ዓ.ም. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን በሮማ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳትሟል፤ በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በዚያችው ከተማ አሳትመዋል። ዛሬ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር የሚቀርጹ ወጣቶች በርክተዋል፤ ከነሱም መካከል የአውሮጳውን ወፍራምና ቀጭን ወደ ፊደላችን ለማምጣት የሚመኙ አይጠፉም። ምኞቱ አይነቀፍም፤ የቁም ጸሐፊዎቻችን ብርዕም ወፍራምና ቀጭን ያውቃል። ግን አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል።

በላቲን ፊደል ሰሪፏ ብትጠፋ ፊደሉ ጌጡን ያጣል እንጂ ድምፁን አያጣም። በእኛ ፊደል ግን ከጎን የምትወጣው ትንሽ ቅጥያ፣ ከእግር በታች የምትታጠፈው ጭረት፣ ከጫፍ ላይ የምትንጠለጠለው ቀለበት ጌጥ አይደሉም፤ ድምፁን የሚለዩ ናቸው። «ቡሬ» ብለን የጻፍነው ከተማ የጎን ቅጥያው ከጠፋ «በሬ» ይሆናል፤ «ቡላ» የተባለው ምግብም «በላ» የሚል ግሥ ይሆናል። ቦዶኒ ያቀጠነው ብዙ ጊዜ ቢጠፋ የሚታገሡትን ክፍል ነው፤ እኛ በዚያው ልማድ ብንሔድ የምናቀጥነው ቢጠፋ የማንታገሠውን ይሆናል። ስለዚህ ከቦዶኒ መቅዳት ያለብን ቀጭኑን መስመር ሳይሆን አራቱን ሕጎች ነው፤ ሥርዓቱን፣ ጥራቱን፣ መልካም ምርጫውን፣ በፍቅር የመሥራትን ሞገስ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ መልክን ከመውሰድ በፊት መልኩ የተገኘበትን ምክንያት መማር ይቀድማል።

በጠቅላላው ስንመለከተው፣ የቦዶኒ ፊደል ከሰው እጅ ከወጡት ውብ ፊደላት አንዱ መሆኑን ያለ ማመንታት እንመሰክራለን። ለስም፣ ለርእስ፣ ለጥሪ፣ ለበዓል፣ ለትልቅ ገጽ ይስማማል። ለረጅም ንባብ፣ ለደከመ ዓይን፣ ለጥቃቅን ጽሕፈት ግን አልተቀረጸም፤ በግድ የሚያሠራውም ሰው ፊደሉንም አንባቢውንም ያስቀይማል። ፊደል ቃልን ወደ ሰው የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ አምሮ ቢለብስ ለላኪው ክብር ነው፤ ነገር ግን ተቀባዩ የልብሱን ጥልፍ ሲመለከት መልእክቱን ከዘነጋ፣ ልብሱ ምንም ቢያምር መላኩ ከንቱ ሆኖ ይቀራል።